ለዩኒቦዲ ክላሲክ መኪና ሙሉ ሻንሲ ከመግዛት በፊት፦ የሻንሲውንና የሰስፔንሽኑን ዲዛይን እንዴት መመዘን ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት የአሜሪካ መኪኖች ውስጥ ዛሬ በብዛት የሚታደሱት ፎርድ ሙስታንግ፣ ሼቭሮሌት ካማሮ፣ ዶጅ ቻሌንጀርና ፕሊመዝ ባራኩዳ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው የላሜራ ሳጥን፣ የሞተር ክፍሉ ግድግዳና ጣሪያው በነጥብ ብየዳ ተያይዘው እንደ አንድ አካል ጭነቱን ይሸከማሉ፤ ይህ አሠራር ዩኒቦዲ ይባላል። ካማሮ በመጠኑ ይለያል፤ ከሞተር ክፍሉ ግድግዳ ወደ ፊት ያለው ክፍል በብሎን የሚታሰር ግማሽ ሻንሲ ሲሆን ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ግን ዩኒቦዲ ነው። ሁሉም የተነደፉት በዘመኑ ለነበረው ጠባብ ጎማና በዘመኑ መኪኖች በመታጠፊያ ላይ ለነበራቸው ፍጥነት ነው። ዛሬ ባለቤቱ እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ሰፊ ራዲያል ጎማና ትልቅ ፍሬን ሲገጥምባቸው አሮጌው ላሜራ ያልታሰበለትን ጭነት ይቀበላል። ከፊት ፓራውልት እስከ ኋላ ፓራውልት የሚዘልቅ፣ ሰስፔንሽኑን (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙትን ክንዶች፣ ሞላዎችና አሞርቲዛተሮች) አብሮ የያዘ ሙሉ ሻንሲ የሚሠሩ ድርጅቶች የተፈጠሩት ይህን ችግር ለመፍታት ነው።

እንዲህ ያለው ሻንሲ ውድ ነው፤ ከዋጋው በላይ የሚከብደው ግን ብዙዎቹን ለመግጠም ቦዲውን መቁረጥ የግድ መሆኑ ነው። የተቆረጠ ወለል ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር በሚገባ ሊረዳ ይገባል፦ ሻንሲ በራሱ መኪናን አያሻሽልም። የሻንሲ ሥራ የሰስፔንሽኑ ክንዶች የሚታሰሩባቸው ነጥቦች ጭነት ሲያርፍባቸው ቦታቸውን ሳይለቁ እንዲቆዩ ማድረግ ነው፤ ነጥቦቹ የተቀመጡበት ቦታ ስሕተት ከሆነ ግትር ሻንሲ ያንን ስሕተት አጽንቶ ከመያዝ በቀር የሚያደርገው የለም። ከዚህ በታች የሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከሁለት ጥያቄዎች ይመነጫሉ። ይህ ነጥብ በጭነት ምን ያህል ይንቀሳቀሳል? ሰስፔንሽኑ ሲጓዝስ ጎማው ወዴት ይዞራል?

ሙሉ ሻንሲ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ

ብዙ መኪኖች ሙሉ ሻንሲ አያስፈልጋቸውም፤ ይህን በቅድሚያ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። የፊትና የኋላ ዋና ብረቶችን በወለሉ ሥር የሚያገናኝ ቱቦላሬ መበየድ፣ በበር ሥር ሳጥኑና በፊት ብረቱ መካከል ያለውን መገናኛ በላሜራ ማጠናከር፣ በካማሮም ላይ በግማሽ ሻንሲውና በቦዲው መካከል ያለውን ጎሚኒ በብረት መያዣ መተካት በአነስተኛ ወጪ ብዙ ግትርነት ይጨምራል። የፊት ክንዶቹን ቦታ ማረምም ቢሆን ሻንሲ መቀየር አይጠይቅም። በ1965ቱ ሙስታንግ ላይ የላይኛውን ክንድ መያዣ 25 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀና በቀላል ሥራ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ማስተካከያ ነው።

ሙሉ ሻንሲ ትርጉም የሚኖረው ወለሉና የበር ሥር ሳጥኖቹ በዝገት ስለተበሉ አብዛኛው ብረት በማንኛውም ሁኔታ የሚቀየር ሲሆን፣ ወይም ሞተሩ በመጀመሪያው ቦታ የማይገባ ሲሆን፣ ወይም መኪናው ጣሪያ የሌለው ሆኖ ከፍተኛ ጉልበት እንዲሸከም ሲፈለግ ነው። በሙስታንግ ላይ የፊቱ ሞላ ከላይኛው ክንድ በላይ ስለሚቀመጥ ጫፉን የሚይዙት ሁለት የላሜራ ማማዎች የሞተር ክፍሉን ከሁለት ጎን ያጠቡታል፤ ሰፊ ሞተር ለማስገባት ማማዎቹ መነሣት አለባቸው፣ እነርሱ ከተነሡ ደግሞ የፊቱ ጭነት ሁሉ አዲስ መንገድ ያስፈልገዋል። ጤናማ ቦዲ ያለውና በመጠነኛ ጉልበት በመንገድ ላይ የሚነዳ መኪና ግን ለመቆረጥ የሚያበቃ ምክንያት የለውም።

አሁን ያለውን ሁኔታ በአንድ ቀላል መለኪያ ማየት ይቻላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የበሮቹ ክፍተት ከላይ፣ ከመካከልና ከታች በሚሊሜትር ይመዘገባል። ከዚያም አንዱ የፊት ጥግ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ድረስ በክሪክ ይነሣል፣ ክፍተቱም እንደገና ይለካል። በሩ ለመክፈት የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም የላይኛው ክፍተት በብዙ ሚሊሜትር ከተለወጠ ቦዲው ዛሬም እየተጠማዘዘ ነው። ይህን መዝገብ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አዲሱ ሻንሲ ከገባ በኋላ ያመጣውን ለውጥ በተጨባጭ የሚያሳየው እርሱ ነው።

ሻንሲውና ቦዲው የሚገናኙበት መንገድ

በገበያ ላይ ያሉት ሙሉ ሻንሲዎች በሁለት ትላልቅ ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን ወለሉን ሳይነካ ከሥር ገብቶ በመጀመሪያዎቹ የብሎን ቀዳዳዎችና በተጨማሪ መያዣዎች የሚታሰር ነው። ሁለተኛው ወለሉን በከፊል ወይም በሙሉ አስቆርጦ በአዲስ ወለል የሚተካና ከበር ሥር ሳጥኖቹ ጋር የሚበየድ ወይም በብሎን የሚታሰር ነው። የመጀመሪያው ወገን ትልቅ ጥቅም ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ብረት ከወለሉ በታች ስለሚያልፍ ወይ መኪናው ወደ መሬት ይቀርባል ወይ የብረቱ ቁመት ይቀንሳል። ሁለተኛው ብረቱን ከፍ አድርጎ ለማሳለፍ ቦታ ያገኛል፣ በምትኩ የመጀመሪያውን ቦዲ አካል ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዩኒቦዲ መኪና ጣሪያ፣ የመስተዋት ምሰሶዎችና የኋላ ወንበር ግድግዳ በራሳቸው ከፍተኛ ግትርነት ያላቸው ናቸው። አዲሱ ሻንሲ ከእነርሱ ጋር በጽኑ ከተያያዘ ሁለቱ ተደጋግፈው ይሠራሉ፤ በለስላሳ ጎሚኒ ከታሰረ ግን ሻንሲው ብቻውን ይጠማዘዛል፣ ቦዲውም ከላዩ ይከተለዋል። በፊት ወለሉ ይሸከመው የነበረውን ሥራ የሚሸከም ሌላ አካል ስለሌለ፣ ወለሉ ተቆርጦ በጎሚኒ የታሰረ ቦዲ ከመጀመሪያው ይልቅ የላላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አምራቹን ስንት የመገናኛ ነጥብ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ከምን ጋር እንደሚታሰርና መያዣው የጠነከረ ብረት፣ ፖሊዩሬቴን (ከጎማ የሚጠነክር ጎማ መሳይ ፕላስቲክ) ወይም ጎማ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ነጥቡ ባዶ ላሜራ ላይ ያረፈ ከሆነ ከሥሩ ሰፊ የማጠናከሪያ ሳህን ሊኖረው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ላሜራው በብሎኑ ዙሪያ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል።

ወለሉ ከመቆረጡ በፊት በበሮቹ መክፈቻ ውስጥ ጊዜያዊ ቱቦላሬ ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ ካልተበየደ ቦዲው በራሱ ክብደት ይለወጣል፣ በሮቹም ዳግም በሚገባ አይዘጉም። የመግጠሚያ መመሪያው ይህን ደረጃ በደረጃ የማያስረዳ ከሆነ አምራቹ ሻንሲውን በእውነተኛ መኪና ላይ ደጋግሞ ስለመግጠሙ እጠራጠራለሁ።

ግትርነትን በቁጥር መጠየቅ

ጥንካሬና ግትርነት አንድ አይደሉም። ጥንካሬ ብረቱ ሳይሰበር ወይም ሳይታጠፍ የሚችለው ጭነት ሲሆን ግትርነት በሚችለው ጭነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚለጠጥና እንደሚጠማዘዝ ነው። ለመንገድ አያያዝ የሚያስፈልገው በዋናነት ሁለተኛው ነው። ሻጩ «ክሮሞሊ ብረት (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት) ስለሆነ አይጠማዘዝም» ካለ ሁለቱን አደባልቋል፤ የተራ ብረትም ሆነ የክሮሞሊ የመለጠጥ መለኪያ በግምት 200 ጊጋፓስካል ነው፣ ስለዚህ በተመሳሳይ ቅርጽ ሁለቱም እኩል ይጠማዘዛሉ። ክሮሞሊ የሚጠቅመው ብረቱን ለማሳሳትና ክብደት ለመቀነስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ግትርነቱ ይቀንሳል።

የሚወስነው ቅርጽ ነው። 50 በ100 ሚሊሜትር የሆነና ግድግዳው 3 ሚሊሜትር የወፈረ ቱቦላሬ እንውሰድ። አንዱ ጎኑ ክፍት ቢሆን፣ ማለትም እንደ ቦይ ቢታጠፍ፣ መጠማዘዝን የሚቋቋምበት አቅም ከተዘጋው ጋር ሲነጻጸር ወደ 500 እጥፍ ያንሳል። ይህን ቱቦላሬ ማጠናከር ብንፈልግ ግድግዳውን ወደ 4.5 ሚሊሜትር ማወፈር ክብደቱን በ47 በመቶ ጨምሮ የመጠማዘዝ ግትርነቱን የሚያሳድገው በ39 በመቶ ያህል ነው። ግድግዳውን ሳንነካ ቁመቱን ወደ 150 ሚሊሜትር ብናሳድግ ግን ክብደቱ በ35 በመቶ ሲጨምር የመጠማዘዝ ግትርነቱ በ70 በመቶ ያድጋል፣ ወደ ታች የመታጠፍ ግትርነቱም 2.8 እጥፍ ይደርሳል። «ወፍራም ብረት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ የማይናገረው ለዚህ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የብረቱ ቁመትና ስፋት፣ ከፊት መታጠፊያው ላይ ቁመቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ በዲፈረንሻሉ ላይ ሲዘልም ቅርጹ እንደተዘጋ መቀጠሉ ነው። ሻንሲ የሚላላው እጅግ በጠበበበት ቦታ ነው።

ሁለት ዋና ብረቶችና ጥቂት አግዳሚዎች ብቻ ያሉት መሰላል መሳይ ሻንሲ ወደ ታች ለመታጠፍ ጽኑ ቢሆንም ለመጠማዘዝ ደካማ ነው። በካምቢዮው አካባቢ በኤክስ ቅርጽ የሚሻገር ብረት፣ ወይም ጎንና ጎንን በሰያፍ የሚያያይዙ ቱቦዎች ካሉት ልዩነቱ ሰፊ ይሆናል። ሥዕሉን ከላይ ሲመለከቱ አራት ማዕዘኖችን ብቻ ሳይሆን ሦስት ማዕዘኖችን መፈለግ ያስፈልጋል።

አምራቹ የመጠማዘዝ ግትርነትን በኒውተን ሜትር በዲግሪ ከገለጸ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ይገባል። ሙከራው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የኋላው የሰስፔንሽን መያዣ ከመሬት ጋር ይታሰራል፣ የፊቱ በአግዳሚ ብረት አማካይነት ይጠማዘዛል፣ ማዕዘኑም ይለካል። ለምሳሌ በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች አንዱ በ1000 ኒውተን ወደ ላይ፣ ሌላው በ1000 ኒውተን ወደ ታች ቢገፋ የጠማዛዡ ኃይል 1500 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አንዱ ጫፍ በ2 ሚሊሜትር ከፍ፣ ሌላው በ2 ሚሊሜትር ዝቅ ቢል ማዕዘኑ 0.153 ዲግሪ ስለሆነ ግትርነቱ 9,800 ኒውተን ሜትር በዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩ የተገኘው ከባዶ ሻንሲ ነው ወይስ ከነቦዲው? ልኬቱ የተወሰደው ሰስፔንሽኑ በሚታሰርበት ቦታ ነው ወይስ በብረቱ መካከል? ኃይሉ ያረፈው የት ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቁጥር ከሌላ አምራች ቁጥር ጋር ሊወዳደር አይችልም። በኮምፒውተር ብቻ የተሰላ ውጤት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ስሌቱ መሆኑ ግን በግልጽ ሊነገር ይገባል።

የፊት ሰስፔንሽን

ምዘናው እጅግ ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች በእያንዳንዱ ጎን የላይኛና የታችኛ ክንድ፣ በክንዶቹ መካከል የሚቆም ሞላ የለበሰ አሞርቲዛተርና ባለ ራክ መሪ ይጠቀማሉ። ናክሉ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትና መሪው የሚያዞረው ብረት፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። አንዳንዱ ከ1974 እስከ 1978 ከተሠራው ሙስታንግ ቱ የተቀዳ ነው፤ ሌላው ኮርቬት ከሚባለው የሼቭሮሌት ስፖርት መኪና የኋለኞቹ ትውልዶች የተወሰደ ነው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ለሻንሲው ተብለው የተሠሩ ናቸው። ናክሉ ራሱ መልካምም መጥፎም አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ክንዶቹና መሪው ለእርሱ ካልተሠሩ ነው። ለምሳሌ የሙስታንግ ቱ የመጀመሪያው የታችኛ ክንድ በጠባብ መያዣ ላይ የታሰረ ስለሆነ የፍሬንን ኃይል የሚቀበልለት ወደ ሻንሲው የሚዘረጋ ሌላ ዘንግ ነበረው። አንዳንድ ቅጂዎች ዘንጉን አስወግደው ጠባቡን መያዣ እንዳለ ትተውታል።

ይህ ምን ያህል ጭነት እንደሆነ ማስላት አያዳግትም። 1600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከራሱ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ፍሬን ቢይዝና 70 በመቶው ኃይል በፊት ጎማዎች ቢያርፍ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ወደ 5,500 ኒውተን ወደ ኋላ ይጎተታል። ክንዱን ከናክሉ ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ቦል ጆይንት ከመሬት በ180፣ የላይኛው በ450 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ቢሆኑ ታችኛው ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል 9,200 ኒውተን ገደማ ይደርሳል፤ ላይኛው ደግሞ 3,700 ገደማ ሆኖ ወደ ፊት ይገፋል። ይህም የታችኛውን ክንድ ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ወደ ኋላ እንደመግፋት ነው። በታችኛው ክንድ ሁለት መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ካልሆነ ጎሚኒዎቹ ይጨመቃሉ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥርም ጎማው አቅጣጫውን ይለውጣል። የክንዱን መያዣ ስፋት በሜትር ለክቶ ማወዳደር ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል።

ቀጥሎ የካምበር፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበት ማዕዘን፣ ለውጥ ይታያል። ቦዲው በመታጠፊያ ላይ 2 ዲግሪ ቢያጋድልና የጎማዎቹ ርቀት 1.5 ሜትር ቢሆን የውጪው ጎማ 26 ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ይገባል። በዚህ ጉዞ ጎማው ምንም ካምበር ካላገኘ ከመሬቱ አንጻር 2 ዲግሪ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ 0.75 ዲግሪ ወደ ውስጥ ካገኘ የቀረው ጋድሎሽ 1.25 ዲግሪ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ካማሮ በፋብሪካው አሠራር ጎማው ወደ ላይ ሲገባ ካምበሩ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይሄድ ነበር፤ አዲስ ሻንሲ ይህን ካላረመ የተገዛበት አንዱ ዋና ምክንያት ጠፍቷል። የለውጡ ብዛት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ እጅግ የበዛ ከሆነ ቀጥታ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ዝቅ ስለሚል ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይቆማል። አምራቹ ከቆመበት ከፍታ 75 ሚሊሜትር ወደ ላይና 75 ሚሊሜትር ወደ ታች ያለውን የካምበር ጠመዝማዛ መስመር ሊያሳይ ይገባል። የመጋደል ማዕከሉንም፣ ማለትም ቦዲው በመታጠፊያ ላይ የሚያጋድልበትን ነጥብ፣ ከፍታ አብሮ ማሳየት አለበት፤ ከመሬት በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥና ሰስፔንሽኑ ሲጓዝ ባይዘል ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ የምመለከተው ግን ሰስፔንሽኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ መሪው ሳይነካ ጎማው የሚዞርበትን መጠን ነው። የመሪው ዘንግ ርዝመትና አቅጣጫ ከክንዶቹ ጋር ካልተስማማ ጎማው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ በራሱ ይዞራል። በሥዕሉ ላይ ከፊት ሲታይ የመሪው ዘንግ መስመር ቢራዘም የላይኛውና የታችኛው ክንድ መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ በኩል ሊያልፍ ይገባል። በተሠራ መኪና ላይ ደግሞ ሞላው ወጥቶ፣ በጎማው ቦታ ቀጥ ያለ ሳህን ታስሮና በሳህኑ ፊትና ኋላ መለኪያ ተደርጎ ጎማው በየ10 ሚሊሜትሩ እየተነሣ ይመዘገባል። ከቆመበት ከፍታ 50 ሚሊሜትር ወደ ላይና ወደ ታች ባለው ጉዞ ለውጡ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ካለፈ እኔ አልቀበለውም፤ ለውጡ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ ወዲያውም ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም መኪናው በመንገድ ላይ ይቅበዘበዛል።

ካስተርን፣ ማለትም ጎማው በመሪ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለውን ጋድሎሽ፣ በተመለከተ በኃይል የታገዘ መሪ ላለው መኪና ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሊስተካከል የሚችል መሆኑ በቂ ነው። ሁሉም ልኬት የተሠራበትን የጎማ ቁመትና የቸርኬ ጥልቀት መጠየቅ ግን አይዘነጋ። ለአንድ የጎማ መጠን የተነደፈ ሻንሲ ላይ ትልቅ ጎማና ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ከተገጠመ መሪው የሚሽከረከርበት መስመር ከጎማው መካከል ይርቃል፣ መኪናውም በፍሬን ጊዜ ይጎትታል፤ ጥፋቱም በዚያን ጊዜ የሻንሲው አይደለም።

የኋላ ሰስፔንሽን

የመጀመሪያው ባሌስትራ የመኪናውን የኋላ ክብደት፣ የጎን ኃይልና የሞተሩን ጠማዛዥ ኃይል ሁሉ ብቻውን ይሸከም ነበር። አዲሶቹ ሻንሲዎች ሥራውን ይከፋፍሉታል። በሰያፍ የተቀመጡ አራት ዘንጎች ያሉት አሠራር የጎን ዘንግ ስለማይፈልግ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ዲፈረንሻሉ በአንድ በኩል ሲነሣ ዘንጎቹ በሁለት አቅጣጫ ስለሚጠማዘዙ ጫፎቻቸው በጠንካራ ፖሊዩሬቴን ከተሞሉ ተያይዘው መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፣ ሞላውም ሳይሆን ጎሚኒው መኪናውን ይይዛል። በዚህ አሠራር ላይ ቢያንስ አንዱ ጫፍ ሉላዊ መገጣጠሚያ ወይም ለስላሳ ጎማ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ሦስት ዘንግና አንድ የጎን ዘንግ ያለው አሠራር እንዲህ አይያያዝም፤ ስለዚህ ቦታ ከተገኘለት እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

ፓናርድ የሚባለው የጎን ዘንግ ዲፈረንሻሉን በቅስት ስለሚያንቀሳቅሰው ርዝመቱ ወሳኝ ነው። 1000 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውና አግድም የተቀመጠ ዘንግ ለ75 ሚሊሜትር ጉዞ ዲፈረንሻሉን ወደ ጎን የሚስበው 2.8 ሚሊሜትር ነው፤ 600 ሚሊሜትር ከሆነ 4.7 ይደርሳል። ዘንጉ በቆመበት ከፍታ አግድም ካልሆነ ደግሞ ቁጥሩ በእጅጉ ያድጋል፤ ባለቤቱ መኪናውን ዝቅ ሲያደርገው የሚሆነውም ይህ ነው። ዋት የሚባለው፣ በመካከሉ በሚሽከረከር ክፍል የተያያዙ ሁለት የጎን ዘንጎች ያሉት አሠራር ይህን ቅስት ያስወግዳል፣ በምላሹ ክፍሎቹና መገጣጠሚያዎቹ ይበዛሉ።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት ሰስፔንሽን በሸካራ መንገድ ላይ የሚሰጠው ምቾት እውነተኛ ነው። ይሁንና በናክሉ ላይ ያሉት ዘንጎች አጫጭርና ብዙ ስለሆኑ አንዱ ጎሚኒ ሲላላ የኋላው ጎማ መሪ እንደተሰጠው ይዞራል። የቶ፣ ማለትም ጎማው ከላይ ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበት ማዕዘን፣ ለውጥ መስመሩን ከፊቱ በበለጠ ጥንቃቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሞላ፣ አሞርቲዛተርና የጉዞ ርቀት

በሞላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚሰማው ቁጥር አይደለም። ሞላው በክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ የሚጓዘው ከጎማው ያነሰ ነው፤ በጎማው ላይ ያለው ግትርነትም በሁለቱ ጉዞዎች ንጽጽር ካሬ ይባዛል። ሞላው 80 ኒውተን በሚሊሜትር ቢሆንና ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲሄድ እርሱ 7 ብቻ ቢሄድ በጎማው ላይ የሚቀረው 39 ኒውተን በሚሊሜትር ነው። በዚያ ጥግ ላይ ከሞላው በላይ ያለው ክብደት 380 ኪሎ ግራም ከሆነ ቦዲው በሰከንድ 1.6 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህ ለስፖርታዊ የመንገድ መኪና ተስማሚ ነው። በ1930ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ የሠራው ሞሪስ ኦሊ እንዳሳየው የኋላው ርግብግብ ከፊቱ ጥቂት ሲፈጥን መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ፊትና ኋላው ቶሎ ተስማምቶ ይረጋጋል። አምራቹ ለገዢው መኪና ክብደት ይህን ስሌት ሊሠራ ካልቻለ ሞላውን የመረጠው በግምት ነው።

ብዙ ሰዎች የሚያማርሩበት መንገጫገጭ የሚመጣው ከሞላው ሳይሆን ከጉዞ ማነስ ነው። መኪናው በቆመበት ከፍታ ላይ ክንዱ መቆሚያውን እስኪነካ ድረስ ቢያንስ 65 ሚሊሜትር ያህል የጎማ ጉዞ ሊቀር ይገባል። በፎቶግራፍ ላይ መሬት የሚልስ የሚመስለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለውም።

ብየዳ፣ መያዣና ብሎን

ከተቻለ ሻንሲው ቀለም ሳይቀባ ማየት ይመረጣል፤ ወፍራም ቀለም የብየዳን ጉድለት ይሸፍናል። ብየዳው በሁለቱ ብረቶች ላይ እኩል የተዘረጋ፣ በጠርዙ ላይ ብረቱን ያልቦረቦረ፣ ጅማሬውና መጨረሻው ከፍተኛ ጭነት ባለበት ማዕዘን ላይ ያላረፈ መሆን አለበት። ማጠናከሪያ ሳህኖች በዋናው ብረት ላይ ድንገት በቀጥታ መስመር የሚያልቁ ከሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ጫፋቸው እየጠበበና እየሳሳ የሚሄድ ይሻላል።

የክንዶችና የአሞርቲዛተር ብሎኖች በሁለት ጆሮዎች መካከል የታሰሩ ሊሆኑ ይገባል። ከአንድ ሳህን ላይ ብቻ ወጥቶ የሚንጠለጠል ብሎን ይታጠፋል፤ ጆሮው ላይ የሚያርፈውም ጥርሱ ሳይሆን ለስላሳው የብሎኑ አካል መሆን አለበት። የብሎኑ የጥንካሬ ደረጃ 10.9 ወይም ተመጣጣኝ መሆኑ በዝርዝሩ ላይ ይገለጻል።

በመኪናው ውስጥ የሚገጥመው

የመሪው ራክ በሻንሲው ላይ፣ የመሪው ምሰሶ ደግሞ በቦዲው ላይ ስለሚታሰር ሁለቱ በመጠኑም ቢሆን ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ በመካከላቸው የሚታጠፍና የሚንሸራተት መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። የመቀመጫ ቀበቶ መያዣዎችና መቀመጫው በአንድ አካል ላይ፣ ማለትም ሁለቱም በቦዲው ወይም ሁለቱም በሻንሲው ላይ ሊሆኑ ይገባል። ቦዲው በጎማ ወይም በፖሊዩሬቴን ከተለየ በሞተሩ፣ በሻንሲውና በቦዲው መካከል የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ገመድ መዘርጋት አለበት፤ ይህ ከተረሳ መብራቱና መለኪያዎቹ ያለ ምክንያት የሚታወኩ ይመስላሉ። የማርሚታ ቱቦው የሚያልፍበት መንገድ፣ የነዳጅ ታንኩና የሞተሩ ዘይት መያዣ በሥዕሉ ላይ ከነመጠናቸው መታየት አለባቸው።

የሻንሲ ቁጥር ጉዳይ ከሁሉ በፊት መታወቅ አለበት። በ1960ዎቹ ሙስታንግ ላይ ቁጥሩ የተቀረጸው በሞተር ክፍሉ የጎን ላሜራ ላይ ነው፤ ማማዎቹን ሲያስወግዱ ይህን ላሜራ አብሮ መቁረጥ የመኪናውን መታወቂያ ማጥፋት ነው፣ በብዙ አገሮችም ወንጀል ነው። ከመቁረጥ በፊት የመኪና ምዝገባ ባለሥልጣኑ ለሻንሲ ለውጥ የሚጠይቀውን ምርመራና ሰነድ በጽሑፍ መቀበል፣ አምራቹም ለምርመራው የሚያስፈልገውን ሥዕልና ስሌት እንደሚሰጥ ከክፍያ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሻንሲው ሲደርስ ገና ከማሸጊያው እንደወጣ በደልዳላ ወለል ላይ በአራት እኩል ድጋፎች ይቀመጥ። ከፊት ግራ መያዣ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝም እስከ ኋላ ግራ ያለው ሰያፍ ርቀት ይለካ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊሜትር ካለፈ ቦዲው ሳይነካ፣ ብሎን ሳይገባበት ለአምራቹ ማሳወቅ ይገባል። ከተገጠመ በኋላም መኪናው በአራት ሚዛኖች ላይ ተመዝኖ፣ አላይመንቱ ተስተካክሎ፣ በመጀመሪያው ቀን የተመዘገበው የበር ክፍተት በዚያው መንገድ ዳግም ይለካል። ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ የሰስፔንሽኑና የቦዲ መያዣዎቹ ብሎኖች ሁሉ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ እንደገና ይጠበቃሉ፣ አላይመንቱም ይታያል፤ በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለ ግጭት የተለወጠ የካምበር ወይም የቶ ቁጥር ካለ ከነጥቦቹ አንዱ ቦታውን ለቋልና ያ ነጥብ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ መኪናው አይነዳም።